የተሻለ ጭረት ፍለጋ፦ ጥጥ ስናዳቅል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአባይ ሸለቆ ቆላ የተሻለ ጥጥ ማብቀል ለምትሹ የጎጃም የግብርና ባለሙያዎች የምለው አለኝ። የመጀመሪያው ስህተት ክሮሞሶም፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ ዘረ መል የሚሸከመውን አካል፣ ሳይቆጥሩ ማዳቀል ነው። በብዛት የሚመረተው አፕላንድ ጥጥና ባለረጅም ጭረቱ (ጭረት የጥጡ ቃጫ ነው) ፒማ እያንዳንዳቸው 52 ክሮሞሶም ስላላቸው ይዋለዳሉ። የጥንቶቹ የእስያና የአፍሪካ ጥጦች ግን ያላቸው 26 ነው፤ ከአፕላንድ ጋር ሲዳቀሉ የሚበቅለው ተክል 39 ይዞ መካን ይሆናል። ኮልቺሲን በተባለ ኬሚካል ክሮሞሶሙን እጥፍ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ሥራው የቤተ ሙከራ ነው።

ከሁሉም የሚያከስረው በመጀመሪያው ትውልድ መታለል ነው። የአፕላንድና የፒማ ድቅል ይፋፋል፣ ጭረቱም ያምራል። ገበሬው ደስ ብሎት ዘሩን ለከርሞ ያስቀምጣል። የከርሞው ማሳ ግን ዝብርቅርቅ ይላል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፣ አንዱ ፍሬ አልባ። ህንዶች በ1972 እ.ኤ.አ. ቫራላክስሚ የተባለውን የሁለቱን ዝርያዎች ድቅል ለገበሬ ሲያቀርቡ ዘሩ የሚመረተው በየጊዜው በእጅ እየተዳቀለ ነበር። ይህን ጉልበት የማትችሉ ከሆነ ድቅሉን ደጋግማችሁ ከአፕላንዱ ወላጅ ጋር አዳቅሉት፤ በየትውልዱም ጭረታቸው የተሻለውን ብቻ ምረጡ። ዓመታት ይፈጃል። አቋራጭ አለ የሚላችሁን አትመኑ።

አበባውን በሚመለከት፣ ወንዴ ክፍሉን ከመፈንዳቱ በፊት በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ልቀሙና ሸፍኑት፤ በማግስቱ ጠዋት የሌላውን ወላጅ የአበባ ብናኝ ቀቡት። ካልተሸፈነ ንብ ትቀድማችኋለች።

ርዝመትን ብቻ መለካትም ጥፋት ነው። የጎጃም ፈታይ ባዘቶውን ሳብ አድርጋ ርዝመቱን በጣቷ ታውቃለች፤ ፋብሪካው ግን ማይክሮኔርም፣ ማለትም የጭረቱን ቅጥነትና ብስለት የሚያሳየውን ልኬት፣ ይጠይቃል። በአሜሪካ ገበያ አፕላንድ ዋጋ የሚቀነስበት ከ3.5 በታች ወይም ከ4.9 በላይ ሲሆን ነው። ዝቅ ማለቱ ጭረቱ በተፈጥሮው ቀጭን መሆኑን ሊያሳይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አለመብሰሉን ነው የሚናገረው። ፒማ ዘግይቶ ይደርሳል። ድቅሉ ያንን ከወረሰ፣ በዝናብ ብቻ በሚመረትበት ቆላ እርጥበቱ ቶሎ ሲያልቅ ጭረቱ ለጋ ሆኖ ይቀራል። ለጋ ጭረት በክሩ ላይ ቋጠሮ ይሠራል፣ ቀለምም እኩል አይዝም። እኔ ብሆን ቶሎ ለሚደርሰው ተክል ስል ትንሽ ርዝመት እተው ነበር።

ሲዳመጥም ጥንቃቄ ይሻል። ባለመጋዝ ማሽን ረጅሙን ጭረት ይቆራርጠዋል፤ የሮለር መዳመጫ ይሻላል። እናቶቻችን በድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ የሚዳምጡትም ለጭረት የሚራራ አሠራር ነው። ለልኬት ናሙና ስትልኩ ደግሞ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ለቀማ ለየብቻ አሽጉ፤ ከተቀላቀሉ ጉድለቱ ከዝርያው ይሁን ከመዘግየቱ መለየት አትችሉም።