በኢሜይል ከሚመጣ አደገኛ ስክሪፕት ኮምፒውተርን ሲጠብቁ የሚሠሩ ስህተቶች

አዳማ ላይ የሚሠራ የትራንዚት ቢሮ ኢንቮይሱም፣ ፓኪንግ ሊስቱም፣ የጭነት ሰነዱም የሚደርሰው በኢሜይል ነው። ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ቆሞ ሲጠብቅ ሠራተኛው ይቸኩላል። አጥቂዎች ፋይላቸውን «ኢንቮይስ» ብለው የሚሰይሙት ይህን ጥድፊያ አስበው ነው።

የፋይሉን ስም እስከ መጨረሻው አለማንበብ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ፋይሎች ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ከመጨረሻዋ ነጥብ በኋላ የሚመጣውንና የፋይሉን ዓይነት የሚናገረውን ቅጥያ፣ ስለሚደብቅ «ኢንቮይስ.ፒዲኤፍ.ጄኤስ» የተባለው ፋይል «ኢንቮይስ.ፒዲኤፍ» ብቻ ሆኖ ይታያል። ጄኤስ ግን ሰነድ ሳይሆን ስክሪፕት ነው፤ ደብል ክሊክ ሲደረግ የያዘው ትእዛዝ ይፈጸማል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስም የጽሑፍ ፋይል መስሎ የገባ ቪቢኤስ የተባለ ሌላ ዓይነት ስክሪፕት ነበር። ዊንዶውስ 11 ላይ ፋይል ኤክስፕሎረርን ከፍተው ቪው፣ ሾው፣ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ያብሩ። ዊንዶውስ 10 ላይ ቪው ውስጥ ገብቶ ሳጥኗ ላይ ምልክት ማድረግ ነው።

በዓይን ብቻ መተማመን

ሥራ ሲበዛ ዓይን ይስታል። ስለዚህ ስክሪፕት በስህተት ቢነካም በኖትፓድ እንዲከፈት ያድርጉ። ኤክስቴንሽን እንዲታይ ካደረጉ በኋላ ዴስክቶፕ ላይ ባዶ የጽሑፍ ፋይል ፍጠሩና የስሙን መጨረሻ በላቲን ፊደል ወደ ጄኤስ (.js) ይቀይሩ። ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ቼንጅ፣ ከዚያ ኖትፓድን መርጠው ያጽድቁ። ለሌሎቹ የስክሪፕት ዓይነቶች ለቪቢኤስ (.vbs)፣ ለደብሊውኤስኤፍ (.wsf) እና ለኤችቲኤ (.hta) እንዲሁ ይድገሙት። ከዚህ በኋላ ተሳስተው ቢከፍቱ የሚመጣው የተዘበራረቀ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ዘግተው ፋይሉን ያጥፉ። ቅንብሩ የሚሠራው በገቡበት አካውንት ብቻ ስለሆነ በአንድ ኮምፒውተር የሚፈራረቁ ሠራተኞች በየአካውንታቸው ሊያደርጉት ይገባል።

በፍላሽ የመጣን ፋይል ከኢሜይል አልመጣም ብሎ ማመን

ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል የማይታይ ምልክት ይለጠፍበታል፤ ማይክሮሶፍት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማክሮን፣ ማለትም በኤክሴልና በወርድ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ትእዛዝን፣ የሚያግደው ይህን ምልክት አይቶ ነው። አብዛኛው ፍላሽ ግን ፋይል የሚያስቀምጠው ፋት 32 ወይም ኤክስፋት በተባለ አደራደር ስለሆነ ምልክቱን አይዝም። አንዱ ያወረደው የኤክሴል ፋይል በፍላሽ ወደ ሌላው ሲሻገር እገዳው ይቀርና «ኢኔብል ኮንቴንት» የሚል ቢጫ መስመር ብቻ ይመጣል። ላኪውን ሳያጣሩ አይንኩት።

የላኪውን ስም ማመን

የተጠለፈ አካውንት የሚልከው ለሚያውቃቸው ሰዎች ነው፤ አንዳንዴም በቆየ የደብዳቤ ልውውጥ ላይ ጨምሮ። ያልጠበቁት አታችመንት ከመጣ ይደውሉ፤ ቁጥሩን ግን ከኢሜይሉ ላይ ሳይሆን ከራስዎ ስልክ ይውሰዱ። ዚፕ ፋይል ተልኮ የይለፍ ቃሉ እዚያው ኢሜይል ላይ ከተጻፈ ደግሞ ጥርጣሬዎ ይጨምር፤ አንቲቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ የተቆለፈ ዚፕ ውስጥ ማየት አይችልም።

ከከፈቱ በኋላ ዝም ማለት

አለቃ ይቆጣኛል ብሎ መደበቅ አጥቂውን ጊዜ ይሰጠዋል። ወዲያው የኔትወርክ ገመዱን ይንቀሉ፣ ዋይፋዩን ያጥፉ፣ ለኃላፊው ይንገሩ። የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃልዎን በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ወይም በስልክዎ ይቀይሩ። የመጠባበቂያ ቅጂ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ኮምፒውተሩ እስኪጸዳ ድረስ አይሰኩበት።