ፒፓ እንደ ሲጋራ አይማግም

እሁድ ከሰዓት ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ አንድ ወዳጄ ግቢ እንሰበሰባለን። አንዱ አሮጌ ሬዲዮ ይፈታታል፣ ሁለቱ ዳማ ይጫወታሉ፣ እኔ ሰዓት እጠግናለሁ። ሁላችንም ፒፓ አጫሾች ነን። "ዛሬ ምን ሞላህ?" እንደ ሰላምታ ሆኖልናል። ማንንም ጀምር ብዬ አላውቅም። ከሲጋራ ወደ ፒፓ የዞሩ ሰዎች ግን ይመጣሉ፤ ያንኑ ስህተት በየሳምንቱ ማየት ሰለቸኝ።

ትልቁ ጥፋት አሳሳቡ ነው። ሲጋራ የለመደ ሰው ፒፓውንም ይምገዋል። ወደ ሳንባው ይስባል፣ ሳያርፍ ይደግማል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንጨቱ በእጅ የማይያዝ ይሆናል። ከዚያ "ጋሼ፣ ምላሴ ተላጠ፣ ይሄ ትምባሆ መጥፎ ነው" ይለኛል። ትምባሆው ምን በደለ? ቨርጂኒያ የሚባለው ቅጠል ስኳር ይበዛበታል፤ ተቻኩለው ሲስቡት ትኩስ እንፋሎቱ ምላስ ይጠብሳል። እባካችሁ ቀስ በሉ! አቦልን በአንድ ትንፋሽ የሚገለብጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፒፓውን ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት። ካቃጠላችሁ አስቀምጡት። ይጥፋ። መጥፋቱ ነውር አይደለም። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት አጭሼም አንዱን ሙሌት ሦስት አራቴ እለኩሳለሁ።

አሞላል ላይ ብዙ አልልም። ከታች ላላ፣ ከላይ ጠበቅ ይበል። ሳትለኩሱ ሳቡት። አየሩ እንደልብ ካልመጣ ገልብጣችሁ እንደገና ሙሉ።

ቀጣዩን የምጽፈው እያመመኝ ነው። ከአባቴ የቀረኝ አንድ ፒፓ ነበር። አንድ ማታ ገና ትኩስ እያለ ላጸዳው ብዬ በአፍ የሚያዘውን ዘንግ መዘዝኩት። ቀጭኑ ጫፍ እንጨቱ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ፒያሳ አንድ እንጨት ሠሪ ጋ ወሰድኩት፤ ስብርባሪውን በመሰርሰሪያ ሲያወጣ እንጨቱን ሰነጠቀው። እሱን አልወቅስም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እንጨቱና ከጠነከረ ጎማ የሚሠራው ዘንግ በሙቀት እኩል አይሰፉም። በደንብ ሳይበርድ አትንኩት።

ፒፓ በውኃ አይታጠብም። ተረከዝ ላይ እየመቱ አመድ ማራገፍም አንገቱን ይሰብራል። አንዱን ፒፓ በቀን ሦስት ጊዜ የሚሞላ ሰው ደግሞ እንጨቱ እርጥበቱን የሚተፋበት ጊዜ ይነፍገዋል፣ መራራም ይሆንበታል። ሁለት ካላችሁ አፈራርቁ።

የአዲስ አበባ አየር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በበጋ ትምባሆው በሳምንት ውስጥ ብትን ይላል፣ ክረምት ላይ ይሻግታል። ክዳኑ የሚገጥም የመስታወት ማሰሮ ይበቃል። የማር ከሆነ ሽታው እስኪለቅ እጠቡት። ደረቀ ብላችሁ የብርቱካን ልጣጭ አትጨምሩበት፤ አንድ ወዳጄ ጨምሮ ሙሉ ማሰሮ ሻጋታ ጣለ። በጣም እርጥብ ከሆነም ወረቀት ላይ በትኑት። በጣት ጨምቃችሁ ስትለቁት ቀስ ብሎ ከተዘረጋ ደርሷል።

ባለፈው ዓመት አንዱ ከተራራ የአስታ ቅርንጫፍ ይዞ መጣ። ጥሩ የሚባሉት ፒፓዎች ከአስታ እንጨት እንደሚሠሩ ሰምቶ ነው። ልክ ነው፤ ባሌና ስሜን ላይ የምናየው አስታና የሜዲትራኒያኑ የፒፓ እንጨት አንድ ዓይነት ዛፍ ናቸው። ይህን ባወቅሁ ቀን ምን ያህል እንደተደሰትኩ! ግን ፒፓ የሚወጣው ከቅርንጫፉ አይደለም። ከሥሩ ላይ የሚያብጠው ጉብ ያለ ክፍል ይቆረጣል፣ ለሰዓታት ይቀቀላል፣ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ይደርቃል። ያ ሰው ከቅርንጫፉ የቀረጸው ፒፓ በሁለተኛው ሙሌት ተሰነጠቀ። ደግሞ ያ ዛፍ የደጋው ልብስ ነው። ተዉት።

ትምባሆን በጠረኑ መምረጥም ያሳስታል። ከውጭ በሻንጣ የሚመጣው ቫኒላ ቫኒላ የሚሸተው ዓይነት ጀማሪን ይጠራል። ሽታው ግን ለጎረቤት ነው፣ ለአጫሹ የሚቀረው እርጥበትና የተቃጠለ ምላስ ነው። ጣዕምና ሽታ የተጨመረበት ትምባሆ መሸጥም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል። በካፌ ውስጥ ማጨስንም ይኸው አዋጅ ከልክሏል። ግቢ የምንሰበሰበውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ሳልል ብቀር ይከነክነኛል። "ፒፓ ወደ ሳንባ ስለማይሳብ አይጎዳም" የሚለው ወሬ ውሸት ነው። ከንፈርን፣ አፍንና ጉሮሮን ለካንሰር ያጋልጣል። ያልጀመረ አይጀምር። የሚያጨስም ልጆች ባሉበት ክፍል አይለኩስ። የወዳጄ የልጅ ልጆች ግቢ ሲገቡ ሁላችንም ፒፓችንን እናጠፋለን።

ባለፈው እሁድ ያ ምላሴ ተላጠ ያለኝ ልጅ ፒፓውን ጉንጩ ላይ አስጠጋና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አንድ ዙር ዳማ ተጫወተ። ሲመለስ ጠፍቶ ነበር። ምንም አላለም። ክብሪቱን አቀበልኩት።