መጽሐፍ ቅዱስን እስከ ተግባር እንዴት እናንብብ? በፊልሞና መልእክት እንሞክረው

መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው በቀን ስንት ምዕራፍ ማንበብ እንዳለበት ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ብዙም አልወደውም። ምዕራፍ መቁጠር መጽሐፉን ለመጨረስ ይረዳል። ያነበብነው ነገር ከሰው ጋር ያለንን ኑሮ እንዲነካ ግን ሌላ አካሄድ ያስፈልጋል። አንድ አጭር መጽሐፍ እንምረጥ። ደጋግመን እናንብበው። ከእኛ በፊት የነበሩ ክርስቲያኖች ምን ብለው እንደተረዱት እንጠይቅ። ከዚያ ተነስተን አንድ ነገር እናድርግ።

ለልምምድ ወደ ፊልሞና የተጻፈውን መልእክት መርጫለሁ። አንድ ምዕራፍ ነው፤ 25 ቁጥር ብቻ። ጳውሎስ እስር ላይ ሆኖ፣ ምእመናን በቤቱ ለሚሰበሰቡበት ወዳጁ ይጽፋል። ጉዳዩ አናሲሞስ የሚባል የፊልሞና ባሪያ ነው። መልእክቱ በማጠሩ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ማጠሩ ግን አንድ ጊዜ ጠቅሞታል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ማርቅዮን የተባለ ሰው የጳውሎስን መልእክቶች እየቆረጠ ለራሱ ትምህርት ሲያመቻች ይህን አልነካውም። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱሊያኖስ በኋላ ሲጽፍ፣ ከማርቅዮን እጅ ያዳነው ማጠሩ ነው ብሎ ቀልዶበታል።

1. ሙሉውን ባንድ ቁጭታ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ

እነዚህ መልእክቶች የተጻፉት በጉባኤ ፊት እንዲነበቡ ነው። በቆላስይስ 4፥16 ጳውሎስ ራሱ፣ መልእክቱ እነሱ ዘንድ ከተነበበ በኋላ በሎዶቅያም እንዲነበብ ያዛል። ስለዚህ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ጎረቤት ይስማ አይስማ ግድ የለም። የቁጥር ምልክቶቹን ለጊዜው እርሷቸው። በአዲስ ኪዳን ዛሬ የምንጠቀምበት የቁጥር አከፋፈል የመጣው እ.ኤ.አ. በ1551 ሮበርት ኤስቲየን ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ጳውሎስ ቁጥር እየሰጠ አልጻፈም። እኛ ግን አንዷን ቁጥር ነጥለን እንወስድና ከፊትና ከኋላዋ ያለውን እንረሳለን።

በማግስቱ ድገሙት። በሁለተኛው ንባብ መጀመሪያ ላይ ያላያችሁት ነገር ብቅ ይላል።

2. በጽሑፉ ውስጥ ያለውንና የሌለውን ለዩ

ከሁሉም ደረጃዎች ጊዜ መስጠት ያለባችሁ ለዚህኛው ነው። ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንድ በኩል መልእክቱ በግልጽ የሚናገረውን ጻፉ። በሌላ በኩል ደግሞ ሰው ሲናገር የሰማችሁትን፣ በጽሑፉ ውስጥ ግን የሌለውን።

ለምሳሌ አናሲሞስ ከጌታው ጠፍቶ የሄደ ባሪያ ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። መልእክቱን ፈልጉ፤ ጠፍቶ ሄደ የሚል ቃል አታገኙም። ሰረቀ የሚልም የለም። ያለው «በድሎህ ወይም ዕዳ ኖሮበት ከሆነ» የሚል ሐሳብ ነው፤ በ«ከሆነ» የታሰረ። አመለጠ የሚለው ግምት ሊሆን የሚችል ነው፤ ከጥንት ጀምሮ ብዙዎች ይዘውታል። ግን ግምት መሆኑን እያወቁ መያዝ ሌላ፣ ጽሑፉ እንዲህ ይላል ብሎ መማል ሌላ።

አሁን ወደ ግልጹ ዓምድ። ጳውሎስ ማዘዝ እንደሚችል ይናገራል፤ ግን ስለ ፍቅር ብሎ ይለምናል። አናሲሞስን «ልጄ» ይለዋል። እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው ይላል። ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው፣ እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ይፈርማል። ወዲያው ደግሞ አንተም ራስህ የእኔ ባለ ዕዳ መሆንህን አላነሳም ይላል። አላነሳም ብሎ ማንሳት! መጨረሻ ላይ ማደሪያ አዘጋጅልኝ፣ እመጣለሁ ብሎ ይጨምራል። ፊልሞና ይህን ሲሰማ ጳውሎስ መጥቶ እንደሚያይ ገብቶታል። በዚያ ላይ መልእክቱ የተላከው ለእሱ ብቻ አይደለም። አፍብያ፣ አርክጳና በቤቱ ያለችው ቤተ ክርስቲያንም ስማቸው በሰላምታው ውስጥ አለ። የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው ተብሎ የሚደበቅበት ጓዳ አልቀረለትም።

ወረቀቱ ሲሞላ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሸክሙ የወደቀው በማን ላይ ነው? በመልእክቱ ውስጥ አድርግ የሚባለው ሁሉ ለፊልሞና ነው፤ ሥልጣን በእጁ ላለው ሰው። ተቀበል፣ ቁጠር፣ አዘጋጅ። ለአናሲሞስ አንድም ትእዛዝ የለም። በእርግጥ ተመልሶ የሚሄደው እሱ ነው፤ በሮም ሕግ ጌታው ክፉኛ ሊቀጣው ስለሚችል አደጋው እውነተኛ ነበር። ጳውሎስም ነጻ አውጣው የሚል ቀጥተኛ ቃል አልጻፈም። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ በወረቀቱ ላይ ይስፈር።

3. ጎረቤት የሆኑ ክፍሎችን ጨምሩ

ብዙ አያስፈልግም፤ ሁለት ይበቃሉ። ቆላስይስ 4፥9 አናሲሞስን የታመነና የተወደደ ወንድም ብሎ ይጠራዋል። ዘዳግም 23፥15-16 ደግሞ ከጌታው የሸሸን ባሪያ ለጌታው አሳልፈህ አትስጥ ይላል። ጳውሎስ ይህን ሕግ ሳያውቅ አይቀርም ብሎ ማሰብ አይከብድም። ሁለቱን ከመልእክቱ አጠገብ አስቀምጡና እንደገና አንብቡ።

4. ከእናንተ በፊት ያነበቡትን ጠይቁ

ብዙ ሰው ከንባብ በቀጥታ ወደ «ለእኔ ምን ይለኛል?» ይዘላል። በመካከል ሁለት ሺህ ዓመት የሚጠጋ ንባብ አለ። ደንቤ እንዲህ ነው፦ ቢያንስ ሁለት አንባቢ፣ ከተለያየ ዘመን። ከተቻለ ደግሞ አንዱ በጽሑፉ የተጎዳ ሰው ይሁን።

ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ በዚህ መልእክት ላይ ሦስት ስብከቶች ሰብኳል። መልእክቱ ስለ ትንሽ ነገር ስለሆነ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መግባቱ ትርፍ ነው ለሚሉ ሰዎች መልስ ይሰጣል። ለተናቀ ሰው ይህን ያህል መጨነቅ ራሱ ትምህርት ነው ይላል። ግን ከዚሁ መልእክት ባሪያዎችን ከጌቶቻቸው ማራቅ አይገባም የሚል ትምህርትም ያወጣል። እሱው በሌላ ስብከቱ ሀብታሞች ባሪያ ገዝተው ሙያ እንዲያስተምሩና ነጻ እንዲያወጡ መክሯል። በዚያው ዘመን የነበረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ከሱ ርቆ ሄዷል። መክብብ 2፥7ን ሲተረጉም በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ ሰው ዋጋው ስንት ነው ብሎ ባለቤቶችን አፋጥጧል።

ከዚያ ወደ ክፉው ዘመን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1807 ለንደን ውስጥ በካሪቢያን ደሴቶች ለነበሩ ባሪያዎች ተብሎ የተቆራረጠ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። ዮሴፍ ለባርነት የተሸጠበት ታሪክ አለበት፤ እስራኤላውያን ከግብፅ የወጡበት ግን የለም። በ1833 ደግሞ በአሜሪካ ጆርጂያ፣ ራሱ የባሪያዎች ጌታ የነበረ ቻርልስ ኮልኮክ ጆንስ የተባለ ሰባኪ ለባሪያዎች ስለ ፊልሞና ሰበከ። በጳውሎስ ስም መሸሽን አወገዘ። ከአድማጮቹ ግማሹ ተነስቶ ሄደ። አንዳንዶቹም እንዲህ ያለ መልእክት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም ብለው ተናገሩ። ይህን የመዘገበው ሰባኪው ራሱ ነው።

እኔ እነዚያን ሰዎች ጥሩ አንባቢዎች እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ማንበብ አልተፈቀደላቸውም ነበር። የተሰበከላቸው ነገር ከጳውሎስ መልእክት ጋር እንደማይገጥም ግን ለይተዋል። ጳውሎስ ለጌታው የጻፈውን ሰባኪው ገልብጦ ለባሪያው አነበበው። ሸክሙን ከጠንካራው አንስቶ በደካማው ላይ ጫነው። በወረቀታችሁ ላይ «ሸክሙ በማን ላይ ነው?» ብላችሁ የጻፋችሁት ጥያቄ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክን የምናነበው ቅዱሳኑን ለማድነቅ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን በእጃቸው ይዘው የሳቱትንም ለማየት ነው።

5. ቦታችሁን ለዩ፣ ከዚያ አንድ ነገር አድርጉ

በመልእክቱ ውስጥ ሦስት ቦታ አለ። ሥልጣን ያለው ፊልሞና፣ መሐል ገብቶ ዋስ የሚሆነው ጳውሎስ፣ ዕጣው በሌላው እጅ ያለው አናሲሞስ። በዚህ ሳምንት እኔ የቱ ነኝ ብላችሁ ጠይቁ። ያው ሰው በሥራ ቦታ አናሲሞስ፣ በቤቱ ፊልሞና ሊሆን ይችላል።

ፊልሞና ከሆናችሁ ከእናንተ በታች የሚሠራ አንድ ሰው አስቡ። ደመወዙ በጊዜው ይደርሰዋል? ሲያጠፋ የምትናገሩት በጉባኤ ፊት ወንድሜ ብላችሁ እንደምትጠሩት ሰው ነው? ጳውሎስ ከሆናችሁ «እጸልይልሃለሁ» ብላችሁ አትለፉ። ጳውሎስ ዕዳውን በስሙ አስመዝግቧል። ለሰው ቆሞ መናገር ወይ ገንዘብ ያስወጣል፣ ወይ ስም፣ ወይ ወዳጅነት።

አናሲሞስ ለሆነ ሰው ግን ተጠንቅቄ ነው የምናገረው። ይህን መልእክት ይዞ የተደበደበችን ሴት ወደ ባሏ፣ የተበደለን ሠራተኛ ወደ በዳዩ «ተመለስ፣ ታረቅ» ብሎ መላክ የጆርጂያውን ስብከት መድገም ነው። ጳውሎስ ሰውየውን ባዶ እጁን አልሰደደውም። ለባለ ሥልጣኑ ጽፏል፣ ምስክሮች አቁሟል፣ ዋስ ሆኗል፣ እመጣለሁ ብሏል። እነዚህ ሁሉ በሌሉበት የተበደለው ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደኅንነት ነው።

የመረጣችሁትን ነገር ከሰው ስምና ከቀን ጋር ጻፉት። «የበለጠ እወዳለሁ» አይሆንም። «ሐሙስ ደውዬ የያዝኩበትን እመልስለታለሁ» ይሆናል።

6. ለሌላ ሰው አንብቡለት

አንድ ሁለት ሰው ጥሩና መልእክቱን አብራችሁ አንብቡ። በኑሮ ከእናንተ የተለየ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ቀጣሪና ተቀጣሪ አንድ ላይ ሲያነቡት ወሬው ይለወጣል። ሐሙስ አደርገዋለሁ ብላችሁ የጻፋችሁትንም ንገሯቸው፤ አርብ ይጠይቋችኋል።

ፊልሞና ሲያልቅ ወደ ዮናስ ሂዱ፤ አራት ምዕራፍ ብቻ ነው፣ ያው አካሄድ ይሠራለታል። ቀጥሎ ያዕቆብ። ያዕቆብ ምዕራፍ 5 ስለ ተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ስለሚናገር፣ በፊልሞና ላይ የሞላችሁትን ወረቀት አትጣሉት።