የመኪና ውስጥ የመንገድ ድምፅ እንዴት በራሳችን እንቀንሳለን

ትንሽ መኪና የሚነዳ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ ቪትዝ በሉት ያሪስ በሉት ዲዛየር፣ ከተማ ውስጥ ሲዞር ምንም አይልም፣ የአዳማውን ፈጣን መንገድ ይዞ 90 ሲያልፍ ግን ጎኑ ከተቀመጠው ሰው ጋር መጯጯህ ነው። መኪናውን ቀላልና ርካሽ ለማድረግ ሲባል ከሚቀነሱት ነገሮች አንዱ ከምንጣፉ ስር ያለው የድምፅ መከላከያ ስለሆነ ነው። አሁን ደግሞ ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ኤሌክትሪኩ በዝቷል፣ እሱ ጋ ሞተሩ ዝም ስላለ የጎማውና የንፋሱ ድምፅ ጭራሽ ጎልቶ ይሰማል።

በቤት ደጃፍ ሊሰራ የሚችል ስራ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ካላችሁ ይበቃል። ችግሩ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚለጠፈውን የድምፅ መቀነሻ ጥቅልል ይገዛና ያየው ላሜራ ላይ ሁሉ መለጠፍ ይጀምራል፣ ከዛ ብሩም አለቀ ድምፁም እዛው ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለዩ።

አንድ የምታውቁት ቀጥ ያለ መንገድ ምረጡ፣ መስኮት ዝጉ፣ ራዲዮና ፋን አጥፉ፣ 80 ላይ ንዱና ጎናችሁ ያለው ሰው ያዳምጥ (እናንተ መንገዱን እዩ)። አስፋልቱ ሻካራ ከነበረበት ለስላሳ ሲሆን ድምፁ ከተቀየረ ጎማ ነው። ከ90 በላይ በመስታወት ጠርዝ በኩል ፉጨት ከመጣ ንፋስ ነው፣ ያ የበር ጎማ ጉዳይ ነው። መኪናው ቆሞ ነዳጅ ስትሰጡም ያው ጩኸት ካለ ሞተር ወይ ማርሚታ ነው። ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ "እእእእ" የሚል ነገር ኖሮ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ስትጠመዝዙ የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት) ሊሆን ስለሚችል እሱን በፎም ለመሸፈን አትሞክሩ፣ ጋራዥ ሂዱ። የስልክ ዴሲቤል (የድምፅ መጠን) መለኪያ አፕም አውርዱ፣ ቁጥሩ ልክ ላይሆን ይችላል ግን በፊትና በኋላ ለማወዳደር ይሆናል፣ ብቻ ስልኩን ሁሌ አንድ ቦታ አስቀምጡት።

ከዛ ርካሾቹን ስራዎች ጨርሱ። የጎማ ንፋስ በሹፌር በር ጠርዝ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ባለው ቁጥር ይሁን። ጎማውን በመዳፍ ዳብሱት፣ በአንድ በኩል ለስላሳ በሌላው እንደ ጥርስ ከቆረቆራችሁ ተበላሽቶ ተበልቷል ማለት ነው፣ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) አሰሩ፣ ያ ጎማ እስካለ ድረስ የምትለጥፉት ሁሉ ብዙም አይረዳም። የበር ጎማ ለመፈተሽ አንድ የብር ኖት በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት፣ ምንም ሳይይዘው ከወጣ እዛ ጋ ጎማው ደክሟል፣ በየቦታው እያንቀሳቀሳችሁ ሞክሩት። ፖርታ ባጋሊ ውስጥ ያለውን ክሪክና መፍቻም በጨርቅ ጠቅልሉ፣ ስንቱ ሰው የክሪክ ድምፅ ይዞ መካኒክ ጋ ይመላለሳል።

አሁን እቃው። ዋናው ቡታይል የሚባለው ነው፣ ጥቁር የሚያጣብቅ ላስቲክ ሆኖ በላዩ አልሙኒየም የለበሰ፣ 2 ሚሊሜትር አካባቢ ውፍረት ያለው። በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል፣ ስለዚህ 5 ካሬ ስትለጥፉ መኪናው ላይ ከ15 እስከ 20 ኪሎ መጫናችሁ ነው። ሁለተኛው ውሃ የማይመጥ ፎም ነው፣ ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር። ሶማሌ ተራና የመኪና ጌጥ ሱቆች ጋ ጠይቁ፣ እዛ ስትጠይቁ "ያው አንድ ነው" ብለው የጣራ ሬንጅ ሊሰጧችሁ ይችላሉ፣ አንድ አይደለም። ሬንጁ ፀሀይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ ሽታው ደግሞ ለማስወጣት ከባድ ነው። የፍራሽ ስፖንጅም አትጠቀሙ፣ ውሃ ይመጥጣል ከዛ ላሜራው ይዝጋል፣ እሳትም በቀላሉ ይይዛል። ከዚህ ሌላ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ፣ ካቻቢቴ፣ የ14 ቡሶላ፣ ቢላ፣ ትንሽ ሮለር፣ አልኮልና ወፍራም ጓንት። ጓንቱን አትናቁት፣ የአልሙኒየሙ ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው።

ስራው ሲጀመር የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉና ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ወንበር ስር ቢጫ ሶኬት ካለ የኤርባግ ነው፣ ባትሪው እንዳለ እሱን መንቀል የለም። ከጃፓን የመጣ መኪና ከሆነ ደግሞ ባትሪ ሲነቀል ራዲዮው ኮድ ሊጠይቅ ይችላል፣ ቀድማችሁ አጣሩ። ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ብርቱካናማ ገመድ ያለበት ቦታ እጃችሁን አታስገቡ፣ ወለሉ ላይ ብሎን ምናምን አትምቱ፣ ከስሩ ትልቁ ባትሪ ነው ያለው።

የወንበር ብሎኖች ቶዮታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 14 ናቸው፣ አራቱን ፈታችሁ ወንበሩን አውጡ፣ የበሩን ስር ፕላስቲክ ፈልቅቁ፣ ምንጣፉን አንሱ። ከስሩ እርጥበት ካገኛችሁ ውሃው ከየት እንደገባ ሳታውቁ ምንም አትለጥፉ። ላሜራውን ጠርጉና በአልኮል አፅዱት፣ በነጭ ጋዝ አይሆንም፣ ቅባት ስለሚተው አይይዝም።

እዚህ ጋ ነው አብዛኛው ሰው ብሩን የሚያባክነው። ቡታይል ድምፅ አያግድም፣ የላሜራውን ንዝረት ነው የሚገድለው፣ ከበሮ ላይ መዳፍ እንደማሳረፍ ነው። ከበሮውን ለማፈን ቆዳውን በሙሉ መሸፈን አያስፈልግም፣ ላሜራውም እንደዛው፣ በጣት አንኳኩት፣ "ጧ" ብሎ የሚያስተጋባው ሜዳ ቦታ መሀሉ ላይ ለጥፉ፣ ሲያንኳኩት "ዱብ" ካለ በቃ። ከላሜራው ከሩብ እስከ ግማሽ ከሸፈናችሁ ይበቃል። በዚህ ስሌት ለቪትዝ ወለል፣ ለኋላ ጎማ ቤትና ለአራት በር ከ4 እስከ 5 ካሬ ሜትር አካባቢ ይሄዳል፣ ግን ለክታችሁ ግዙ።

ስትለጥፉ በሮለር አጥብቃችሁ ግፉ፣ አልሙኒየሙ ላይ ያለው ቅርፅ እስኪጠፋ። ስሩ አየር ከቀረ ንዝረቱን አይይዝም። ክረምት ጠዋት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ቡታይሉ ይደርቃል፣ ፀሀይ ላይ አቆዩት ወይ የፀጉር ማድረቂያ አሳዩት። የብሎን ቀዳዳና ሽቦ የሚያልፍበትን አትድፈኑ። ከዛ በላዩ ፎሙን አንጥፉ፣ ፎሙ ግን እንደ ቡታይሉ ቁርጥራጭ አይሆንም፣ ቡታይሉንም ባዶውንም ላሜራ ሳይከፍት ሙሉውን መሸፈን አለበት።

ቅድሚያ መስጠት ካለባችሁ ለኋላ ጎማ ቤት ስጡ። ቪትዝ አይነት መኪና ላይ ፖርታ ባጋሊውና ሰው የሚቀመጥበት አንድ ክፍል ነው፣ በመሀል ግድግዳ የለም፣ የኋላ ጎማ ጩኸት ቀጥ ብሎ ነው ጆሮ ውስጥ የሚገባው። የኋላውን ፕላስቲክ ሽፋን አውጡና በጎማው ዙሪያ ያለውን እብጠት ላሜራ በደንብ ለጥፉ፣ የትርፍ ጎማውን ጉድጓድም እንደዛው። በጀት ጠባብ ከሆነ ይሄን ብቻ ሰርታችሁ ንዱና እዩት፣ በሮቹ ይቆዩ።

በር ላይ ሲደርስ ትንሽ ትዕግስት ይጠይቃል። መክፈቻው ኋላና እጅ ማሳረፊያው ስር የተደበቁ ብሎኖች አሉ፣ እነሱን ሳትፈቱ አትጎትቱ። ከዛ ከታች ጀምራችሁ ፈልቅቁ፣ ክሊፖቹ መሰበራቸው አይቀርም፣ አስር የሚሆን ትርፍ ግዙ። ከውስጥ የላስቲክ ሸራ ታገኛላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አንሱት፣ ውሃ መከላከያ ስለሆነ መልሳችሁ ትለጥፉታላችሁ። በውጪኛው ላሜራ ከውስጥ በኩል መሀሉ ላይ ሁለት ሶስት ቁራጭ ይበቃል። የበሩ ታችኛ ጠርዝ ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች በጭራሽ አትድፈኑ፣ ዝናብ በመስታወቱ በኩል ገብቶ የሚወጣው በነሱ ነው፣ ከደፈናችኋቸው በሩ ውሃ ተሸክሞ ከውስጥ ይበሰብሳል። ሽፋኑን ከመመለሳችሁ በፊት ባትሪውን ለጊዜው መልሱና መስታወቱን ወደላይ ወደታች አድርጉት፣ ግን በጎን ኤርባግ ያለው በር ወይ ወንበር ከሆነና ሶኬቱ ከተነቀለ መጀመሪያ ሶኬቱን ሰክታችሁ ነው ባትሪ የሚነካው። ስፒከሩ ከዚህ በኋላ ቤዙ ሲጨምር ትሰማላችሁ፣ ያ ምርቃት ነው።

ወንበሩን ስትመልሱ አራቱንም ብሎን በእጅ አስገብታችሁ ከዛ አጥብቁ፣ ግጭት ቢመጣ እናንተን የሚይዘው እሱ ነው። ከዛ ያንኑ መንገድ በ80 ንዱና ስልኩን እዩት። 3 ዴሲቤል ከቀነሰ ጥሩ ሰርታችኋል፣ ትንሽ ቁጥር ይመስላል ግን ይታወቃል፣ ድምፁ ግማሽ ሆነ ብሎ ጆሮ የሚቀበለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ነውና ያንን በቡታይል ብቻ አትጠብቁ። ሻካራ አስፋልት ላይ ያለው ጉምጉምታ ሲቀንስ ድሮ ያልሰማችሁት የዳሽቦርድ ፕላስቲክ ሲንቀጫቀጭ ልትሰሙ ትችላላችሁ፣ እሱም መገጣጠሚያው ላይ ቀጭን ጨርቅ ቴፕ ሲደረግበት ዝም ይላል። በመስታወቱ በራሱ የሚያልፈው የንፋስ ድምፅ ግን ይቀራል፣ እዛ ላይ ቡታይል መለጠፊያ ቦታ የለም።