ከትንሽ ልጅ ጋር አብሮ ቪዲዮ እንዴት እንደሚታይ

ስልኩን እንሰጠዋለን። ልጁ ዝም ይላል። እኛም እፎይ ብለን የጀመርነውን ሥራ እንጨርሳለን። ይህን ያላደረገ ወላጅ ማግኘት ይከብዳል፤ የሚያስወቅስም አይደለም። «ግድ የለም፣ እየተማረበት ነው» ስንል ግን ቆም እንበል። ትንሽ ልጅ ከስክሪን ብዙ የሚማረው አጠገቡ የሚያወራው ሰው ሲኖር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የሕፃናትን ቋንቋ የምታጠናው ተመራማሪ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። 9 ወር ገደማ የሆናቸው አሜሪካውያን ሕፃናት ለ12 ጊዜ ያህል ማንዳሪን ቻይንኛ ሰሙ። አንዳንዶቹ አጠገባቸው ተቀምጦ ከሚያጫውታቸው ሰው፣ ሌሎቹ ከቪዲዮ። ከሰው የሰሙት የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። በቪዲዮ ያዩት ግን ቻይንኛ ጭራሽ ካልሰሙት አልተሻሉም።

መጀመሪያ ዕድሜውን አስቡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየትን አይመክርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። ከዘመድ ጋር በቪዲዮ መደወል ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ያለው ሰው ልጁን ያየዋል፣ ይመልስለታል።

ከዚያ ቪዲዮውን ቀድማችሁ እዩት። ረጋ ያለ፣ አንድ ታሪክ ይዞ የሚሄድ፣ ንግግሩ የሚሰማ ምረጡ። በየሰከንዱ ሥዕሉ የሚቀያየር ከሆነ ይቅር። አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እንዳይጀምርም ከሴቲንግ አጥፉት። ይህቺ ትንሽ ነገር ብዙ ለቅሶ ታስቀራለች።

አሁን አብራችሁ ተቀመጡ። ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። ደስ የሚል ነገር ሲመጣ ቪዲዮውን አቁሙና «አሁን ምን የሚያደርግ ይመስልሻል?» በሉ። ከዚያ ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። እኛ አዋቂዎች ቸኩለን መልሱን እንነጥቃለን፤ ልጅ ቃሉን ፈልጎ እስኪያወጣ ጊዜ ይወስዳል። «ውሻ!» ካለች «አዎ፣ ትልቅ ቡኒ ውሻ፤ እየሮጠ ነው» ብላችሁ ጨምሩበት። በሌላ ቀን ራሷ «ቡኒ» ስትል ትሰሟታላችሁ። ብቻ ፈተና አታድርጉት። «ይሄስ? ያኛውስ?» እየተባለ የሚጣደፍ ልጅ ይሰለቻል። በጣም ተመስጦ ካያችሁት ተዉት፤ ስታበቁ ታወራላችሁ።

ቪዲዮው ሲያልቅ ያያችሁትን ወደ እጃችሁ አምጡት። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ በስክሪን ያየውን ነገር ከእውነተኛው ጋር ማገናኘት ይከብደዋል። ስክሪን ላይ እስከ ሦስት የቆጠረ ልጅ ሦስት ማንኪያ አቀብል ሲባል ግራ ሊገባው ይችላል። ስለዚህ ደረጃ ስትወጡ አብራችሁ ቁጠሩ። የሚንሳፈፍና የሚሰምጥ ነገር አይታችሁ ከሆነ ገንዳ ውሃ ሙሉና ክዳኑንም፣ ማንኪያውንም፣ ኳሱንም ሞክሩት። ይርጠብ፤ በኋላ ይወለወላል። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ የግማሽ ሰዓት ጨዋታ ይወጣዋል።

ማንም የማያየው ቴሌቪዥን ክፍት ከሆነ ዝጉት። ከጀርባ ቲቪ ሲጮህ ወላጆች ለልጃቸው የሚናገሩት ቃል እንደሚቀንስ፣ የልጁም ጨዋታ እንደሚቆራረጥ ተመራማሪዎች ታዝበዋል። ልጅ ቋንቋ የሚማረው ደግሞ ከዚያው ወሬ ነው። የራሳችን ስልክም ያው ነው። ልጁ ጠርቶን «እህም» ብለን ዓይናችንን ሳናነሳ የምናልፍባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው።

ማዕድ ላይና ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ስክሪን ባይኖር ጥሩ ነው፤ እንቅልፍ ያውካል። ባለቀሰ ቁጥር ስልክ ማቀበልም ልማድ ከሆነ ልጁ ራሱን ማረጋጋት የሚለማመድበት ጊዜ ያጣል።

አብሮ መቀመጥ የማይቻልበት ቀን ይመጣል፤ በተለይ ብቻውን ለሚያሳድግ ሰው። ያን ቀን አንድ የምታውቁትን አጭር ቪዲዮ ክፈቱለት፤ ድምፁ የሚሰማችሁ ቦታ ይቀመጥ። ሥራችሁን ስትጨርሱ «ጥንቸሏ ቤቷን አገኘችው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሊነግራችሁ የሚፈልገው ብዙ ነው።