ብረት ከመግፋታችሁ በፊት ጫማችሁን አሳዩኝ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ወደምሠራበት ጂም መጣ። ጫማው አዲስ ነው፤ ነጭ፣ ሶሉም እርሾ እንደበዛበት ድፎ ዳቦ የተነፋ። 60 ኪሎ ትከሻው ላይ አድርጎ ቁጭ ብድግ ሲጀምር ከኋላው ቆሜ ቁርጭምጭሚቱን አየሁ። የቀኙ ወደ ውስጥ ዘመም አለ፤ ጉልበቱም ተከተለው። ባሩን፣ ክብደቱ የሚሰካበትን የብረት ዘንግ፣ መልሶ ሰቀለና «ጋሼ፣ ጉልበቴ ደካማ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ጫማህን አውልቅ አልኩት። ያንኑ 60 ኪሎ በባዶ እግሩ ደገመው። ጉልበቱ ቀጥ ብሎ ወረደ፣ ቀጥ ብሎ ወጣ። ያለፈውን ወር ሙሉ የጉልበት ማጠናከሪያ ቪዲዮ ሲያይ እንደከረመ የነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ትቻለሁ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል።

በሩጫ ጫማ ብረት መሸከም

የጥፋቱ ግማሽ የቋንቋችን ነው። ጫማ ቤት ገብቶ «የስፖርት ጫማ» ያለ ሰው የሚቀርብለት የሩጫ ጫማ ነው። የሯጮች አገር ሰዎች ነንና ስፖርት ሲባል ሩጫ ይመጣብናል፤ ሻጩም ሶሉን በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ «ምቾቱን እየው» ይላል። እኔን የሚያበሳጨኝ ያ ምቾት ነው።

የሩጫ ጫማ መጥፎ ጫማ ነው እያልኩ አይደለም። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:11:53 ጨርሳ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር የአንድ እግር ጫማዋ ክብደት 138 ግራም ገደማ ነበር፤ ተረከዟ ሥር ግን ወደ 4 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ስፖንጅ ነበረው። ያ ስፖንጅ የተሠራው ሲረግጡት ተጨፍልቆ መልሶ እንዲያነጥር ነው። ሯጭ በእያንዳንዱ እርምጃ የምትፈልገውም ይህንኑ ነው። 100 ኪሎ የተሸከመ ሰው የሚፈልገው ደግሞ ከእግሩ በታች ያለው ነገር ሁሉ ዝም እንዲል ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 100 ኪሎ ሲሸከም ሁለት ጫማዎች ላይ 170 ኪሎ ያርፋል። ስፖንጅ ይህን ሁሉ ሲችል እኩል አይጨፈለቅም፤ ቀድሞ በተበላበት በኩል፣ ብዙ ጊዜም በውስጥ በኩል፣ ይበልጥ ይሰምጣል። እግር ወደዚያ ያዘነብላል፣ ጉልበት ይከተላል፣ ዳሌም ለማካካስ ይጣመማል። ባሩን ወደ ላይ መግፋት የነበረበት ኃይል ሚዛን በመጠበቅ ያልቃል። መርካቶ ሄዳችሁ ከመኪና ላይ እህል የሚያወርዱ ወዛደሮችን እግር ተመልከቱ። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ሶሉ የተነፋ ጫማ አድርጎ ኩንታል የሚሸከም ሰው እኔ እስካሁን አላየሁም፤ የማየው ያለቀ፣ ጠፍጣፋ፣ ስስ ጫማ ነው። ፍራሽ ላይ ቆሞ ሸክም የሚቀበል የለም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ እናንተም እንደዚያው አዘምማችሁ ነው የምትቆሙት። ልባሽ ጫማ የምትገዙ ይህን አትርሱ፤ የቀድሞው ባለቤት አረማመድ አብሮ ተሽጦላችሁ ይሆናል። ከዚያ ሶሉን በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት። ከሰመጠ ለሩጫ ተዉት።

ለደረትና ለክንድ ሥራ፣ ማሽን ላይ ተቀምጣችሁ ለምትሠሩት ሁሉ፣ የፈለጋችሁትን አድርጉ። የምቆጣው ቆማችሁ ስትሸከሙ ነው።

ተረከዙ ከፍ ያለውን ጫማ ለሁሉም ነገር ማድረግ

በኦሊምፒክ የምታዩዋቸው ክብደት አንሺዎች የሚያደርጉት ጫማ ተረከዙ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። ሶሉ እንደ ድንጋይ ነው፤ ድሮ ከእንጨትና ከተደራረበ ቆዳ፣ ዛሬ በአብዛኛው ከጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራል። የእግርን ጀርባ የሚያጠብቅ ማሰሪያም አለው። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ ድረስ ብዙዎቹ አንሺዎች ባሩ ሥር የሚገቡት አንድ እግር ወደ ፊት፣ አንድ እግር ወደ ኋላ ወርውረው ነበር፤ ከፍ ያለው ተረከዝ የተለመደው ባሩን ይዞ በጥልቀት ቁጭ ማለት ሲለመድ ነው። ምክንያቱም ቁርጭምጭሚቱ በደንብ የማይታጠፍ ሰው ሲወርድ ወይ ተረከዙ ይነሳል፣ ወይ ደረቱ ወደ ፊት ይደፋል። ተረከዙ ከፍ ሲልለት ጉልበቱ ወደ ፊት መሄጃ ያገኛል፣ ጀርባውም ይቃናል።

ይህ ጫማ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ግድግዳ ይነግራችኋል። በባዶ እግር ሆናችሁ፣ የአውራ ጣታችሁን ጫፍ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ፣ ተረከዛችሁን ሳታነሱ ጉልበታችሁን ግድግዳው ላይ ለማስነካት ሞክሩ። ከነካ ደኅና ናችሁ። ካልነካ ጫማው ይጠቅማችኋል፤ ቁርጭምጭሚቱን ማለማመድን ግን አይተካም።

ዴድሊፍት ላይ፣ ማለትም ባሩን ከወለል አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም ላይ፣ ይኸው ጫማ ጠላት ነው። ባሩ የሚነሳው ከወለል ነው፤ እናንተ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካላችሁ ባሩም 2 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ መንገድ ይጓዛል፣ ክብደታችሁም ወደ ጣቶቻችሁ ይገፋል። ይህን የምነግራችሁ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። በ20ዎቹ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጫማ ነበረኝ፤ ከየት እንዳገኘሁት በኋላ አወራለሁ። በጣም ስለምኮራበት አላወልቀውም ነበር። 140 ኪሎ ዴድሊፍት ላይ ሰባት ወር ያህል ተገትሬ ቆምኩ። አንድ ቀን ጫማውን ቤት ረስቼው በሸራ ጫማ ሠራሁ። 140 ተነሳ። 145ም ተነሳ። ጓደኞቼ ምን ተገኘ ብለው ሲጠይቁኝ ምሳዬን በደንብ በልቼ ነው አልኩ።

ተረከዝ ሥር ዲስክ ማስገባት

ባለ ከፍታው ጫማ የሌላቸው ባሩ ጫፍ ላይ የሚሰኩትን ባለ 2.5 ኪሎ ዲስኮች ወለሉ ላይ አስተኝተው ተረከዛቸውን ያሳርፉባቸዋል። አንድ ዳምቤል፣ ያችን በእጅ የምትያዝ አጭር ክብደት፣ አቅፎ ለመለማመድ ምንም አይደለም። ባር ተሸክማችሁ፣ ያውም ሴራሚክ ላይ፣ ዲስኩ ቢንሸራተት ግን የሚይዛችሁ የለም። ሰፊ ጣውላ ፈልጉና ከሥሩ ጎማ ምቱበት።

ባዶ እግርን በስሜት መጀመር

«ጋሼ፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው በባዶ እግሩ አይደለም እንዴ?» የማይለኝ ጀማሪ የለም። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ በ2:15:16። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 ገባ። ይህን ስነግራቸው ዝም ይላሉ።

እውነቱን ለመናገር ባዶ እግርን እኔም እወዳለሁ። ለዴድሊፍት ከዚያ በላይ ወለሉን የሚያስይዝ ነገር የለም። ተረከዝ፣ የአውራ ጣት ሥርና የትንሿ ጣት ሥር እንደ ሦስት ጉልቻ መሬቱን ሲይዙ ይታወቃችኋል፤ አንዱ ጉልቻ ሲነሳም ወዲያው ትሰሙታላችሁ። ስህተቱ መጣደፉ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጫማ ውስጥ የኖረ እግር በአንድ ቀን ራቁቱን 100 ኪሎ ሲጫንበት ባቱም ውስጥ እግሩም ያመዋል። በማሟሟቂያው ክብደት ጀምሩ፤ ለጥቂት ሳምንታት ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

ካልሲ ባዶ እግር አይደለም። አንድ ልጅ እግሩን በጣም ከፍቶ የሚሠራውን ዴድሊፍት፣ ሱሞ የሚባለውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ገና ወልውላ በጨረሰችው ሴራሚክ ላይ በካልሲ ሲሞክር አይቻለሁ። ባሩ አልተነሳም፤ እግሮቹ ግን በሁለት አቅጣጫ ሄዱ። ሁለት ሳምንት እንደ ዳክዬ ሲራመድ ከረመ። የጎማ ምንጣፍ ከሌለ ጫማ አድርጉ።

ጠዋት ጠዋት የሚመጡ አንዲት እናት ወጣቶቹን አይተው «ልጄ፣ እኔም ላውልቅ?» አሉኝ። «እትዬ፣ እርስዎ እንዳያወልቁ» አልኳቸው። ስኳር አለባቸው። የስኳር ሕመም የእግርን ስሜት ሊያደበዝዝ ይችላል፤ ትንሽ ቁስል ሳትታወቅ ከርማ ትብሳለች። ስኳር ያለበት ሰው በጂም ውስጥ ባዶ እግሩን አይሂድ፤ በዚህ ክርክር አልገባም።

ጫማ ከሚወድቅ ባለ 20 ኪሎ ዲስክ ያድናል የሚላችሁን ግን አትመኑ። ሸራም ቆዳም አያድንም። የሚያድነው ከዳምቤል ጠርዝና ወለል ላይ ከተረሳች ባለ 1.25 ኪሎ ዲስክ ነው፤ ጥፍር የምትነቅለውም እሷ ናት። ውድድር የሚያስብም ይወቅ፤ በዓለም አቀፉ የክብደት ማንሳት ፌዴሬሽን ሕግ በባዶ እግር መድረክ ላይ አይወጣም።

ነጠላ ጫማ

አውልቁት።

ሰፊ ጫማ

እናቶቻችን «እንዲያድግበት» እያሉ አንድ ቁጥር ጨምረው ይገዙልን ነበር። እግራችሁ ማደግ ካቆመ ቆይቷል። ተረከዝ ላይ ጥብቅ፣ ጣት ላይ ሰፋ ያለ ይሁን። ክሩንም እሰሩት፤ ለፋሽን ብላችሁ ወደ ውስጥ አትክተቱት።

ውድ ጫማ እስኪገኝ መጠበቅ

«ጫማው ከውጭ እስኪመጣልኝ ነው» ብሎ ስድስት ወር የጠፋ ልጅ አለኝ። ሲመጣ ጫማው ደርሷል፤ ጉልበቱ ግን ሄዷል። ሸራ ጫማ ይበቃል። ኮንቨርስ እ.ኤ.አ. በ1917 ለቅርጫት ኳስ የወጣ ጫማ ነው፤ ሶሉ ጠፍጣፋና ደረቅ ላስቲክ ስለሆነ ዛሬ በየአገሩ ብረት የሚገፉ ሰዎች ያደርጉታል። ከመርካቶ የተገዛ ርካሽ ሸራም፣ ሶሉ ጠፍጣፋና ደረቅ እስከሆነ ድረስ፣ ለዚህ ሥራ ያው ነው።

ያ የምኮራበት ባለ ከፍታ ጫማዬም ከውጭ የመጣ አልነበረም። እኔ ስጀምር ክብደታችን በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ የደረቀ ሲሚንቶ፣ ባሩም የውኃ ቧንቧ ነበር። ከመጽሔት የተቀደደ የአንድ ክብደት አንሺ ፎቶግራፍና የአባቴን አሮጌ የቆዳ ጫማ ይዤ ሰፈራችን ወደነበሩት ጫማ ሰፊ ሄድኩ። ተረከዙን 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉልኝ አልኳቸው። ጫማውን አገላበጡ፣ እኔንም ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«የትኛው እግርህ ነው ያጠረው፣ ልጄ?»

«ሁለቱም» አልኳቸው።

ሲስቁ ቆዩና የቆዳ ቁርጥራጭ በማስቲሽ እየደራረቡ፣ በምስማር እየመቱ፣ ከሥሩ የመኪና ጎማ ለጥፈው ሠሩልኝ። ያስከፈሉኝ የአንዱን እግር ብቻ ነው።