የዝንብ ሜታቦሊዝም ምን ያህል ይወረሳል? ስንለካ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ድሮሶፊላ የምትባለው የፍራፍሬ ዝንብ ለዘር ጥናት የተመቸች ናት። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ ለማውጣት 10 ቀን ገደማ ይበቃታል። ሜታቦሊዝሟን፣ ማለትም ሰውነቷ ኃይል የሚጠቀምበትን ፍጥነት፣ በምታወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለክቶ ከዘመዶቿ ጋር ማነጻጸርም ይቻላል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቁጥሩን ለዝንቧ መስጠት። የውርስ መጠን ከ0 እስከ 1 ይገለጻል። 0.3 ሲወጣ ብዙ ሰው «የአንዷ ዝንብ ሜታቦሊዝም 30 በመቶው ከዘር፣ ቀሪው ከአካባቢ ነው» ብሎ ይረዳዋል። አይደለም። ቁጥሩ የሚያወራው በዝንቦች መካከል ስላለው ልዩነት ነው፤ ያውም በእነዚህ ዝንቦች፣ በዚህ ምግብና በዚህ ሙቀት። ወንድምና እህት ለብዙ ትውልድ እየተዳቀሉ በዘር አንድ ዓይነት ለመሆን የተቃረቡ ዝንቦችን እንውሰድ። የውርስ መጠናቸው ወደ 0 ይጠጋል። ጂኖቻቸው ግን ሥራ አልፈቱም፤ የጠፋው ልዩነቱ ነው። ስለዚህ ከአንድ ቤተ ሙከራ የተገኘን ቁጥር ወስዶ ለሌላ ቦታ ዝንቦች፣ ይባስ ብሎ ለበረሮ መለጠፍ አያስኬድም።

እናትን መርሳት። እኔን ቢጠይቁኝ ብዙ ውጤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እናት ጂን ብቻ አይደለም የምታወርሰው። የእንቁላሉ ስንቅ ከእሷ ነው። ማይቶኮንድሪያውም እንዲሁ፤ እሱ ደግሞ ዋናው የኃይል ማመንጫ ነው። ዎልባኪያ የተባለው ባክቴሪያም በእንቁላል በኩል ይተላለፋል። በዚህ ላይ ልጆቹ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ተጨናንቀው ካደጉ ሁሉም ትንንሽ ሆነው ይወጣሉ፤ መመሳሰላቸውም ውርስ ይመስላል። መፍትሔው አንዱን ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ማዳቀልና በአባት ብቻ የሚገናኙትን ልጆች ማነጻጸር ነው። የእያንዳንዷን እናት ልጆችም በተለያዩ ጠርሙሶች መከፋፈል ያስፈልጋል።

ለክብደት ማካፈል። ትልቅ ዝንብ የበለጠ ኦክስጅን ትጠቀማለች። ታዲያ ለክብደት ቢካፈልስ? ሜታቦሊዝም ከክብደት ጋር እኩል አያድግም፤ ስለዚህ ካካፈሉም በኋላ የክብደት ተጽዕኖ ውስጡ ይቀራል። ክብደትን በስታቲስቲክሱ ሞዴል ውስጥ ራሱን ችሎ ማስገባት ይሻላል።

ሙቀትንና እንቅስቃሴን ችላ ማለት። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የነፍሳት ሜታቦሊዝም በግምት እጥፍ ይሆናል። ወላጆቹን በአንድ ሙቀት፣ ልጆቹን በሌላ መለካት ዋጋ የለውም። ስትንጎራደድ የተለካች ዝንብም አርፋ ከተቀመጠችው ጋር አትነጻጸርም።

አንዴ ለክቶ መተው። ያችኑ ዝንብ ደግመው ሲለኩ ውጤቱ በጣም ከተለያየ፣ የመለኪያው ስህተት የውርስ መጠኑን ዝቅ ያደርገዋል። «አይወረስም» ከማለት በፊት ይሄን ማጣራት ነው።

አባቶችን ማሳነስ። 200 ዝንቦች ተለክተው አባቶቹ 5 ብቻ ከሆኑ፣ ስለ ውርስ የሚናገረው መረጃ ከ5 ወንዶች የመጣ ነው። ጊዜ ካጠረ ከእያንዳንዱ አባት ጥቂት ልጆች ለክቶ አባቶቹን ማብዛት ያዋጣል።